የፍልሰታ እርጎ

ጓድ መኩሪያ እርጎውን በላ፤ ነገሩ ሁሉ የተበላሸው በዚያ ነው። ባይበላው ኖሮ ለሜሳ ለእንቁጣጣሽ ቤቱ ይገባ ነበር። የበላው ደግሞ አንድ ጉርሻ ብቻ ነው። ያጎረሰችውም የለሜሳ እኅት ሣራ ናት፣ በገዛ እጇ።

ለሜሳ የታሰረው በጸሎት ነው። ጎፋ ውስጥ፣ ከሣራ ቤት ብዙም በማይርቅ ግቢ፣ መጋረጃ ጋርደው፣ ሬዲዮኑን ከፍ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲዘምሩ የአብዮት ጥበቃዎች ደረሱባቸው። ጊታሩም አብሮ ተያዘ። አብረውት የተያዙት ልጆች ግራ እጃቸውን ወደ ላይ አንሥተው «ከሁሉም በላይ አብዮቱ!» እያሉ አንድ በአንድ ወጡ። ለሜሳ አልልም አለ። «ከሁሉም በላይ የምለው አንድ ነው፤ እሱንም ታውቁታላችሁ» አላቸው። ከዚያ ወዲህ ቢመቱትም ቢለማመጡትም አፉን አልከፈተም።

ሣራ ስንቅ ይዛ በሄደች ቁጥር ትለምነው ነበር።

«በልላቸውና ና። ቃል እኮ ነው። ቃል ምን ይከብዳል?»

እሱ ፈገግ ይላል። ሁልጊዜም እንደዚያ ነው፤ ልጅ ሆነው ነቀምት ሳሉ እናታቸው አርጩሜ ይዛ ስትጮህበትም ፈገግ ይል ነበር፤ ሣራን ያን ጊዜም ልታንቀው ይዳዳት ነበር። መጀመሪያ ተናደደችበት። ከዚያ አለቀሰች። ክረምቱ ሲገባ ንዴቱም ልቅሶውም ተዋት። ሽሮውን በሳህን፣ እንጀራውን በጨርቅ፣ መሄድ፣ መሰለፍ፣ መመለስ። ሥራ ቦታዋ የመድኃኒት መቀመሚያ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው፤ እዚያም የታዘዘችውን ትመዝናለች፣ ትቀላቅላለች፣ ትጽፋለች። ተቀምጠው ተቀምጠው እግር ሲደነዝዝ ቆንጥጠው ቢያዩት የሌላ ሰው እግር እንደሚመስለው፣ የሣራ ሁለመና እንደዚያ ሆኖ ነበር።

ሰኔ ላይ ወሬ መጣ። እንቢ ያሉት ወደ ላይ ሊተላለፉ ነው ተባለ። ወደ ላይ ማለት የት እንደ ሆነ የሚናገር ሰው አልነበረም፤ እዚያ ግን ስንቅ ተቀብሎ «ደርሷል» የሚል ዘበኛ እንደሌለ ሁሉም ያውቃል።

የሣራ ባል እስጢፋኖስ ኮቱን ለብሶ ለሜሳ ወደታሰረበት ከፍተኛ ጽሕፈት ቤት ሄደ። በዚያ ጊዜ እስረኛ የሚያስቀረውም የሚያሳልፈውም መኩሪያ የሚባል ካድሬ ነበር፤ ወፍራም፣ ቀስ ብሎ የሚናገር፣ ሰው ሲለምነው መስኮት መስኮቱን የሚያይ። እስጢፋኖስ ስለ አማቹ አስረድቶ አስረድቶ መልስ ሲያጣ፣ ያለው ሁሉ አልቆበት፣ «እኔ ራሴ ቡልጋሪያ የተማርኩ ሰው ነኝ፤ በቤታችን ፀረ አብዮት አይወጣም» አለ።

መኩሪያ ከመስኮቱ ዞረ። «ቡልጋሪያ የት?»

«ፕሎቭዲቭ። የእርሻ መሣሪያ።»

«እኔ ሶፊያ ነበርኩ። ካድሬ ትምህርት ቤት።» ወንበሩ ላይ ተስተካከለ። «ስማ፣ ያቺን ነጭ ሰላጣ ታውቃታለህ? ወፍራም እርጎ፣ ኪያር፣ ነጭ ሽንኩርት፣ በዳቦ እያጠቀሱ የሚበሏትን?»

«ስኔዣንካ!»

«ስኔዣንካ!» መኩሪያ ጠረጴዛውን መታ። «ለባለቤቴ ብነግራት ‘እርጎ በነጭ ሽንኩርት? ሰውዬ፣ ምን አስነክተው ላኩህ?’ አለችኝ። እዚህ አገር የሚሠራልኝ አጣሁ እኮ!»

«ሣራ ትሠራልዎታለች።»

«እንዴት ታውቃለች?»

«አሳያታለሁ።»

«እንግዲያው ሰሚናር ሄጄ ነሐሴ መጀመሪያ ላይ እመለሳለሁ። እሑድ ምሳ ቤትህ ነኝ። ስለ ልጁም እዚያው እንጨርሳለን። እስከዚያ የትም አይሄድም፤ እኔ አለሁ።»

የነሐሴ መጀመሪያ እሑድ ፍልሰታ ላይ ይውላል። መኩሪያ ቀኑን ሲቆርጥ አላሰበውም። እስጢፋኖስና ሣራም አላሰቡትም፤ በኋላ ሲያስቡትም አላሳሰባቸውም። ጴንጤ ናቸው፤ ጾም ለእነሱ ሰው በልቡ የሚገባው እንጂ በቀን መቁጠሪያ የሚመጣ ነገር አይደለም። ፍልሰታ መግባቱን ያወቁት የሰፈሩ ሥጋ ቤት ሲዘጋ ነው።

«ጾም እኮ ነው» አለች ሣራ።

እስጢፋኖስ ሳቀ። «ካድሬ ይጾማል? ባለፈው ስብሰባ ላይ ‘ሆድን አስርቦ ገነት የሚያስገባ ትራንስፖርት የለም’ ያለው ማን ሆነና?»

እውነቱን ነው፤ ብሏል። ሣራም ስብሰባው ላይ ነበረች፤ አጨብጭባለች። አንድ ነገር ግን ሁለቱም አልገባቸውም ነበር። ዐቢይ ጾምን በግማሽ የሚሽር፣ ረቡዕና ዓርብን ጨርሶ የረሳ፣ በጠጅ ቤት የታወቀ ሰው እንኳ ፍልሰታ ስትመጣ ይሰበሰባል። ሕፃናት ሳይቀሩ የሚጾሟት የእመቤታችን ጾም ናት። ይህ እንዲህ ነው ብሎ የሚያስተምር የለም፤ በኦርቶዶክስ ቤት ያደገ ያውቀዋል፣ በዚያ ቤት ያላደገ ጎረቤት ሆኖ ዕድሜውን ቢገፋም አይገባውም።

ሣራ ወተቱን ልትገዛ ወደ ላፍቶ ወረደች። ወንዙን ተሻግሮ የበንቲ ቤተሰብ አለ፤ ከተማው ሳይደርስባቸው ጀምሮ እዚያው የሚያርሱ ሰዎች ናቸው፣ ጥቂት ላሞችም አሏቸው። የበንቲ ሚስት እትዬ እማዋይሽ ጭቃውን እየረገጡ መጡና ሣራን ሲያዩ ፊታቸው በራ።

«እናንተ ባትኖሩልኝ በዚህ ጾም ወተቱን ለጥጃው ነበር የምመልሰው» አሉ። «ጥጃውማ ለፍልሰታ ሲወፍር አይተሽዋል? የተሾመ መስሏል።»

ሣራ ይዛ የመጣችውን የዱቄት ወተት ጣሳ አቀረበች። «በዚህ ያድርጉልኝ፣ እትዬ። በታጠነ ዕቃ እንዳይሆን።»

«ምን አልሽ?»

«የወይራ ጭስ እንዳይሸተው ነው። በእርስዎ ዕቃ ሳይገባ፣ ከላሚቱ በቀጥታ።»

እትዬ እማዋይሽ ጣሳውን ገልብጠው አዩት። «ባልታጠነ ዕቃ? ወተቱ ምን በደለሽ፣ ልጄ?»

«ባሌ ነው። ቡልጋሪያ የወተት ዕቃ አይታጠንም ይላል።»

«ታዲያ እዚያ ድረስ ምን ሊማር ሄደ?»

ሣራ መሳቅ እንዳለባት ታወቃት፤ ሳቀችም። እትዬ እማዋይሽ እያጉረመረሙ አለቡላት። ለእርሾ የሚሆን እርጎ ግን ከታጠነች ትንሽ ጮጮ ውጭ አልነበራቸውም፤ እሷኑ ከነክዳኗ ሰጧት።

«ጮጮዬን እንዳታስቀሪ። የእናቴ ናት። ለመሆኑ ይሄን ሁሉ ማን ይጨርሰዋል?»

«እንግዳ አለብን።»

«የእናንተው የጸሎት ሰው ነው?»

«አይደለም። የመንግሥት ሰው ነው።»

«እሱማ ምን ጾም አለው» አሉ እትዬ እማዋይሽ፤ ነገሩም በዚያ አለቀ።

ዓርብ ከሥራ ስትመለስ ሣራ ወተቱን አፈላች። እስጢፋኖስ ከጀርባዋ ቆሞ ያዛል። እኛ አገር ወተት ተቀምጦ በራሱ ይረጋል፤ እዚያ ግን ይፈላል፣ ጣት ተነክሮበት እስኪያስችል ይቀዘቅዛል፣ ከዚያ እርሾ ገብቶበት እንደ አራስ ይጠቀለላል።

«አሁን በጋቢ ጠቅልዪው። ጠበቅ አድርጊው። እንዲህ አይደለም!»

«አንተ ትራክተር ነው የተማርከው እርጎ?»

«ሁለቱንም» አለ እስጢፋኖስ። ደስ ብሎታል። ካገባችው ወዲህ እንዲህ ደስ ብሎት ያየችው ጥቂት ጊዜ ነው። ለሜሳን የሚያስፈታ ነገር በመጨረሻ እጁ ገብቷል፤ ያውም የሚያውቀው ነገር።

ቅዳሜ እርጎው ረጋ። ሣራ ከአሮጌ ነጠላ ቀድዳ፣ አፍልታ አጥባ፣ እርጎውን በጨርቁ ቋጥራ ከኩሽናው ግድግዳ ምስማር ላይ አንጠለጠለችው። ሥሩ ሳህን አኖረች። አጓቱ ይንጠባጠብ ጀመር። ሌላ ሥራ ነበራት፤ ግን በርጩማውን ስባ ተቀመጠችና አየችው። ጠብ ይላል። ቆይቶ ጠብ ይላል። ስለ ለሜሳ ለማሰብ ሞከረች፤ አልመጣላትም። የጨርቁ ቋጠሮ ትንሽ ጠመም ማለቱን ብቻ አየች፣ ተነሥታ አቃናችው።

እሑድ ጠዋት ቀሪው ሥራ ነው። ኪያሩን እስጢፋኖስ ከአንድ የመንግሥት እርሻ መኪና ሹፌር ለምኖ ያመጣው ነው፤ ላጠችው፣ ፈቀፈቀችው፣ ጨው ነስንሳ ውኃውን እስኪተፋ ጠበቀችና በእጇ ጨመቀችው። ነጭ ሽንኩርቱን በጨው ወቀጠች። ከአጥሩ ሥር እንስላል ቀነጠሰችና ከተፈችው። እዚያ አገር የሚጨመርበት ፍሬ እዚህ የለም፤ በሱ ፈንታ ለውዝ ቆልታ ደቀቅ አደረገች። ከጨርቁ የወጣው እርጎ እንደ ለጋ አይብ ጠጥሮ፣ ማንኪያ የሚያቆም ሆኗል። ሁሉን ቀላቀለችውና የቀበሌ ዘይት ጠብ አድርጋ በነጩ የሸክላ ሳህን ገለበጠችው።

እስጢፋኖስ በጣቱ ቀመሰ። ዓይኑን ጨፈነ።

«እሷው ናት» አለ። «እግዚአብሔር ይመስገን። እሷው ራሷ።»

ሣራም ቀመሰች። ቀዝቃዛ ነው፤ ይኮመጥጣል፤ ኪያሩ ከጥርስ ሥር ይንኮሻኮሻል፤ ነጭ ሽንኩርቱ ኋላ ላይ ይመጣል። ጨው ልክ ነው። ከእርሾው የመጣች አንዲት ቀጭን የወይራ ጭስ ግን ውስጡ ቀርታለች። ለእስጢፋኖስ አልነገረችውም።

መኩሪያ በምሳ ሰዓት በዝናብ መጣ። ብቻውን አልነበረም። መኪናዋን የነዳው ወጋየሁ የሚባል ወጣት ካድሬ ነው፤ ከመኩሪያ ሥር ይሠራል፣ የመኩሪያን ወንበር ግን እንደ ራሱ ወንበር ነው የሚያየው፤ ይህንን በሰፈሩ የማያውቅ አልነበረም። ገና በሩ ላይ ካኪውን እያራገፈ ያወራል።

«እኔ ያልተጠራሁ ነኝ። ሹፌሩ ቢታመም ሹፌር ሆንኩ፤ አብዮቱ የሥራ ምርጫ የለውም። ስኔዣንካ፣ የሶፊያዋ ሙሽራ የታለች? መንገዱን ሙሉ ስለሷ ነው የምናወራው!»

«እኔ አላወራሁም» አለ መኩሪያ። «አንተ ነህ ያወራኸው።»

ተቀመጡ። ሥጋ ስለሌለ ገበታው በአትክልት ነበር የተሞላው፤ የተቀቀለ ድንች፣ በቁመቱ የተቆረጠ ካሮት፣ ቀይ ሥር፣ ሣራ የጋገረችው ዳቦ። እርጎው መሐል ላይ ነጭ ሆኖ ተቀምጧል። እስጢፋኖስ እንደ አስጎብኚ እያንዳንዱን አስተዋወቀ። ወጋየሁ ቁራሽ ዳቦ አጠቀሰና አፉን ሞልቶ «ጉድ! ጉድ እኮ ነው!» አለ። መኩሪያ ካሮት አነሣ። በላው። ሌላ ካሮት አነሣ።

«ጓድ መኩሪያ፣ ይጀምሩ እንጂ» አለ እስጢፋኖስ።

«እየበላሁ ነው።»

ድንች ጨመረ። ቀይ ሥር ጨመረ። ሣራ ዳቦውን ስታቀርብለት ጎንበስ አለና፣ እሷ ብቻ በምትሰማው ድምፅ ጠየቃት።

«ዳቦው ወተት ገብቶበታል?»

«የለም፤ በውኃ ነው የቦካው» አለች ሣራ ወዲያው።

ዳቦውን ወሰደ። ሣራ የዳቦውን መሶብ እንደያዘች ቆማ ቀረች። እንዲህ ያለ ጥያቄ በዓለም ላይ የሚጠይቅ አንድ ዓይነት ሰው ብቻ ነው። ጎረቤቷ ተናኘ ትጠይቃለች፤ የላቦራቶሪው ዘበኛ ይጠይቃል፤ የሚጾም ሰው ይጠይቃል። መኩሪያን አየችው። ግንባሩ ላይ ላብ አለ፤ ነሐሴ ነው፣ ቤቱ ይበርዳል። ዓይኑ ከሳህኑ ይሸሻል፤ ዳቦውን የያዘበት እጁ እርጎው ወዳለበት በኩል ላለመድረስ በጠረጴዛው ጠርዝ ዞሮ ነው የሚመለሰው።

«ውኃ ላምጣ» ብላ ወጣች።

ኩሽና ውስጥ ቆመች። ጨርቁ አሁንም ምስማሩ ላይ ነው፤ ደርቋል። ምን መደረግ እንዳለበት አሰበች፤ ቀላል ነበር። ተመልሳ ሳህኑን ላስተካክል ብላ ብታነሣውና እጇ ቢንሸራተት ያበቃል። ሳህን ይሰበራል፤ በየቤቱ ሳህን ይሰበራል። እስጢፋኖስ ይጮሃል፣ እሷ ይቅርታ ትላለች፣ ወጋየሁ ይቀልዳል፣ ሰውየው ጾሙን እንደያዘ ካሮቱን በልቶ ይሄዳል፤ ያንን ውለታም ልቡ ያውቀዋል። ጆጉን ሞላች። ሁሉን አስባ ጨርሳ ነበር።

ስትመለስ ወጋየሁ ወንበሩን አስጠግቷል።

«ሰሚናሩን ሙሉ ‘ስኔዣንካ፣ ስኔዣንካ’ ብለው ያደነቆሩኝ እርስዎ አይደሉም? አሁን እንደ ጥንቸል ካሮት! ምነው፣ ጓድ መኩሪያ?»

«ጨጓራዬ ነው።»

«ለጨጓራ እኮ ከእርጎ የተሻለ መድኃኒት የለም! ሶፊያ አልነገሩዎትም?» ሳቀ፤ ሳቁ ግን ዓይኑ ጋ አልደረሰም። «ወይስ ፍልሰታ ገብታብን ነው?»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። መኩሪያም ሳቀ፤ ዘግይቶ ሳቀ።

እስጢፋኖስ ምንም አልገባውም። እንግዳው አፍሮ የተግደረደረ መሰለው፤ የተግደረደረ እንግዳ ደግሞ ምን እንደሚደረግ ይታወቃል።

«ሣራ፣ አጉርሺያቸው እንጂ!»

«እሱ ነው!» አለ ወጋየሁ። «የባለቤቲቱን እጅ እንቢ የሚል የለም። አጉርሺያቸው፣ እኅቴ።»

ሣራ ጆጉን አስቀመጠች። ሳህኑ እጇ ሥር ነው። ቁራሽ ዳቦ አነሣች፣ እርጎው ውስጥ ነከረችው፣ ጠቅለል አደረገችው። መኩሪያ ቀና ብሎ አያት። ከንፈሮቹ ገጥመዋል። ያንን አፍ ታውቀዋለች፤ በሽቦው አጥር በኩል ስንት ጊዜ አይታዋለች፤ በልላቸውና ና፣ ቃል እኮ ነው እያለች። አንድ ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ አፉን ከፍቶ ነገሩ ሲያልቅ ማየት ፈለገች። ሌላ ምክንያት አልነበራትም። እጇ ሄደ።

መኩሪያ አፉን ከፈተ።

አላመጠ። ለረጅም ጊዜ አላመጠ። ዋጠው።

«እንዴት ነው?» አለ እስጢፋኖስ።

«ጥሩ ነው» አለ መኩሪያ። «ልክ እንደዚያው ነው።»

ወጋየሁ አጨበጨበ፤ ከዚያ ነገሩ ያለቀለት ይመስል ሳህኑን ወደ ራሱ ሳበና እርጎውን ብቻውን ይበላው ጀመር። መኩሪያ ሌላ ምንም አልነካም። እስጢፋኖስ ስለ ፕሎቭዲቭ አወራ፤ ስለ ቼሪ ዛፎቹ፣ ስለ ባቡሩ፣ ስለ አንዲት አሮጊት አከራዩ። ስለ ለሜሳ ማንም አላነሣም።

መኩሪያ እጁን ሊታጠብ ወደ ጓሮ ወጣ። የቧንቧ ውኃ ስላልነበረ ሣራ ጆግና ሳሙና ይዛ ከኋላው ሄደች። ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ቆመው አፈሰሰችለት። እጁን አይደለም ያጠበው፤ አፉን ነው። ተጉመጠመጠ፣ ተፋ፣ እንደገና ተጉመጠመጠ። ውኃው አለቀ።

«ታውቂ ነበር?» አለ ሳይዞር።

«ስለ ዳቦው ሲጠይቁኝ አወቅሁ።»

«ከዚያ በፊት አላወቅሽም?»

«አላወቅሁም።»

«ከዚያ በኋላስ?»

ሣራ ፎጣውን ሰጠችው።

«እናቴ ሱባኤ ገብታለች» አለ። «እኔ ሌላ ምንም አልጾምም። ምንም። ይቺን ብቻ ከልጅነቴ ጀምሮ ሽሬያት አላውቅም። ሶፊያም እያለሁ አልሻርኳት። ፍልሰታ ስትገባ ታምሜያለሁ ብዬ እተኛ ነበር።» ፎጣውን አጣጠፈው፤ በሚገባ፣ ጫፍ ከጫፍ አድርጎ። «ወንድምሽን ሰኞ ልለቀው ነበር። ያለ መፈክር፣ እንዲሁ። ታሟል ብዬ።»

«ነበር?»

«በየጠዋቱ ፊቱ እቆማለሁ። ክፈት እለዋለሁ፤ አፍህን ክፈት። ሰው ሁሉ ይከፍታል፣ አንተ ማን ሆነህ ነው እለዋለሁ። ነገ ጠዋት ምን ብዬ ልቁም?»

«እሱ እኮ አላየዎትም። ምንም አያውቅም።»

«እኔ አውቃለሁ።»

ፎጣውን መለሰላት። «ያ ልጅ እዚያ ካለ እኔ እዚያ መሥራት አልችልም» አለ፤ ስለ አየር ሁኔታ እንደሚናገር ሰው ነው ያለው። «ከፈታሁትም ጎፋ መንገድ ላይ አገኘዋለሁ። አንቺንም አገኝሻለሁ።»

ሣራ መለመን እንደነበረባት አውቃለች። እግሩ ላይ መውደቅ፣ ማልቀስ፣ የእናቱን ስም መጥራት። ቃላቱ ሁሉ አሉ፤ አንዱም ወደ አፏ አልመጣም። ጣሪያው የሚያንጠባጥበው ውኃ ጆጉ ውስጥ ጠብ ይላል። ወጋየሁ ከፊት በር ሆኖ የመኪናዋን ጥሩምባ ነፋ።

እስጢፋኖስ እንግዶቹን ሸኝቶ እጁን እያፋተገ ተመለሰ።

«በልቷል! አየሽው? ‘ልክ እንደዚያው’ ነው ያለው። ስለ ለሜሳ በወጋየሁ ፊት ማንሣት አልፈለገም፤ ብልህ ሰው ነው። ነገ ወይ ከነገ ወዲያ ትሰሚያለሽ።»

ሣራ ሳህኖቹን አነሣች። አልነገረችውም። አንድ ቀን ደስ ብሎት ቢውል የሚጎዳ ነገር የለም ብላ አይደለም፤ መናገር ድካም ስለሆነባት ነው።

በማግሥቱ ስንቅ ይዛ ሄደች። ሰልፉ አጭር ነበር። ዘበኛው ሳህኑን ተቀበላት፣ ገባ፣ ሳህኑን እንደ ቋጠረችው ይዞት ወጣ።

«ይሄ አያስፈልገውም።»

«ለምን?»

«ሄዷል። ጠዋት መኪና መጣ።»

«የት?»

«ወደ ላይ ነዋ። የት ይሆናል?» ሳህኑን አስያዛት። «በይ ዞር በይ፣ እኅቴ፤ ከኋላሽ ሰው አለ።»

ከኋላዋ ሰው ነበር። ዞር አለች።

ቤት ስትደርስ እስጢፋኖስ ከሥራ ቀርቶ ይጠብቃታል። የተቋጠረውን ሳህን አየ። ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጠው አየ።

«ምን ተፈጠረ?»

«ወስደውታል።»

«ማን? እንዴት? ትናንት እኮ…» ተቀመጠ። «ትናንት እኮ በልቷል!»

«ጿሚ ነው።»

«ማን?»

«መኩሪያ።»

እስጢፋኖስ ካሮቱን፣ ድንቹን፣ ጨጓራውን አንድ በአንድ ሲያስታውስ ፊቱ ላይ ይታያል።

«አንቺ አውቀሽ ነበር?»

«ዳቦው ወተት አለው ወይ ብሎ ጠየቀኝ።»

«ከማጉረስሽ በፊት?»

«ከማጉረሴ በፊት።»

«ታዲያ ለምን?» ከወንበሩ ተነሣ። «ሣራ፣ ለምን? አጉርሺ ያልኩሽ እኔ ነኝ፤ እኔ ምን አውቄ! አንቺ ግን…»

መልስ ፈለገችለት። የገጠሙትን ከንፈሮች፣ የሽቦውን አጥር፣ እጇ እንዴት እንደሄደ። እነዚህን አንድ ላይ አድርጎ የሚይዝ ዓረፍተ ነገር አጣች። ወደ ኩሽና ገባች። ከትናንቱ እርጎ ወጋየሁ ያልጨረሰው ትንሽ ቀርቷል፤ ኪያሩ ውኃ ተፍቶ ዳር ዳሩን ቀጥኗል። ቆማ በማንኪያ በላችው። ከትናንቱ ይልቅ ነጭ ሽንኩርቱ በርትቶ፣ ጭሱ ጠፍቶ፣ የተሻለ ሆኗል። ጨረሰችው። ሳህኑን አጠበች። ምስማሩ ላይ ያለውን ጨርቅ አወረደች፣ አጣጠፈችው።

ከሳሎን የሬዲዮኑ ድምፅ ከፍ አለ። እስጢፋኖስ ሬዲዮኑን ከፍ የሚያደርገው ሊጸልይ ሲል ነው። አፍታም ሳይቆይ በሬዲዮኑ የማርሽ ሙዚቃ ሥር የሱ ድምፅ ተሰማ፤ ዝቅ ያለ፣ የለሜሳን ስም እየደጋገመ የሚጠራ።

«ሣራ» አለ ተንበርክኮ እንዳለ። «ነዪ፣ አብረን እንጸልይ።»

እርጎ የመጣባትን ትንሽ ጮጮ ከመደርደሪያው አወረደች። በሙቅ ውኃ አለቀለቀቻት፣ ክዳኗን ገጠመችው። ነጠላዋን ከራሷ ላይ ጣል አደረገች። ሳሎኑን አቋርጣ በባሏ አጠገብ አለፈች።

«የት ነው?»

«ለእትዬ እማዋይሽ ጮጮዋቸውን ልመልስ።»

«አሁን? በዚህ ዝናብ?»

«የእናታቸው ናት» አለች ሣራ፤ ወጣችና በሩን ከኋላዋ ዘጋችው።